ከባዱ ካርቦን የት መቀመጥ ይወዳል?

የዚህ እትም የሳይንስ ገጻችን የተነሳው ከአንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ «የአንድ ንጥረ ነገር አይሶቶፖች ተመሳሳይ ኬሚካላዊ ጠባይ አላቸው» ብሎ ጽፎ ተማሪዎቹ እየገለበጡ ሳለ፣ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ጠባያቸው አንድ ከሆነማ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር የቆፈሩት ሰዎች ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተነስተው ከ74,000 ዓመት በፊት ድርቅ እንደነበረ እንዴት አወቁ?» አለ። መምህሩ ለጊዜው መልስ አልነበረውም። «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለው። እኛ ይሄን መልስ ወደነዋል፤ ያላወቁትን እንዳወቁ ሆኖ ከመመለስ ይሻላልና። ጥያቄው እኛ ዘንድ መጣ፣ እኛም መጽሐፍ ስናገላብጥ ሰነበትን።

ስለ ሽንፋ ያልሰማችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ሽንፋ ከጣና ሐይቅ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ በመተማ ቆላ በኩል ወደ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ነው። ድንበሩን ሲሻገር ስሙ ራሃድ ይሆናል፤ በዚሁ በገዳሪፍ ግዛት አልፎ ሄዶ ዓባይን ይቀላቀላል። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ዳር «ሽንፋ-መተማ 1» በተባለ ቦታ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የሚመራና ኢትዮጵያውያንም ያሉበት ቡድን ቁፋሮ አካሄዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጣ። ከድንጋይ የተሠሩ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ጫፎች (ምናልባት የፍላጻ)፣ የዓሣ አጥንት፣ የእንስሳት ጥርስ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተገኘ። ከአፈሩ ውስጥም በኢንዶኔዥያ የሚገኘው ቶባ እሳተ ገሞራ ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሲፈነዳ የበተነው፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ ወጣ። ሰዎቹ ረጅም በጋ በበዛበት ደረቅ ዘመን፣ እየጠበቡ በሚሄዱ ኩሬዎች ውስጥ ዓሣ እየያዙ ይኖሩ ነበር። ድርቀቱን የመሰከረው በጥርሱና በእንቁላል ቅርፊቱ ውስጥ ያለው የኦክስጅን አይሶቶፕ ነው። በዚያው ቅርፊት ውስጥ ካርቦንም አለ፤ እሱ ደግሞ ሰጎኗ ምን ትበላ እንደነበረ ይናገራል። እኛ ዛሬ የምንከተለው ካርቦኑን ነው፤ መንገዱ ወደ አፈራችንና ወደ ጉድጓድ ውሃችን ያደርሰናልና።

በመጀመሪያ ለመምህራኑ፦ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር አልተሳሳተም። በፈተና ከመጣ «እውነት» በሉ። ግን «ተመሳሳይ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። መንትዮች ይመሳሰላሉ፣ እናታቸው ግን ትለያቸዋለች።

ካርቦን ሦስት አይሶቶፖች አሉት። ሁሉም 6 ፕሮቶን አላቸው። ካርቦን-12 6 ኒውትሮን፣ ካርቦን-13 7፣ ካርቦን-14 ደግሞ 8 ኒውትሮን ይዟል። ከ100 የካርቦን አተሞች 99ኙ ገደማ ካርቦን-12፣ 1ዱ ገደማ ካርቦን-13 ነው። ካርቦን-14 እጅግ ጥቂት ነው፤ ቋሚ አይደለም፣ በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይጠፉም። ስለዚህ በአንድ ነገር ውስጥ የካርቦን-13 ድርሻ ከሌላው ነገር በጥቂቱ ቢለይ፣ ያንን ልዩነት የፈጠረ ሥራ አለ ማለት ነው።

ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ በመቶኛ መናገር አይመችም፤ በሺህ ነው የሚነገረው። መነሻ የሚሆን መለኪያም ያስፈልጋል። ሳይንቲስቶች በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ከተገኘ፣ ቤለምናይት ከሚባል የጥንት ባሕር እንስሳ ቅሪት ተነሱ (ናሙናው ራሱ ካለቀ ቆይቷል፣ ዛሬ በእሱ ልክ የተዘጋጀ ሌላ ይሠራበታል)። በዚያ መለኪያ ውስጥ ለ1,000,000 ካርቦን-12 አተሞች 11,200 ገደማ ካርቦን-13 አለ። ይሄ ዜሮ ተባለ። −8 በሺህ የሆነ ነገር ከመለኪያው በሺህ 8 እጅ ያነሰ ካርቦን-13 አለው፤ ይኸውም 11,200 የነበረው ወደ 11,110 ወረደ ማለት ነው። 90 አተም በሚሊዮን! ይህቺን ነው ማሽኑ የሚቆጥራት። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ −8.5 ገደማ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት −6.5 ገደማ ነበር። ድንጋይ ከሰልና ነዳጅ የጥንት እፅዋት ቅሪት ናቸው፣ እፅዋት ደግሞ ቀላሉን ካርቦን ይመርጣሉ፤ ሲቃጠሉ አየሩ «እየቀለለ» ሄደ። ይሄም ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ እንለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ሲያገኝ በከፊል ይሟሟል። ከሟሟው ውስጥ የተወሰነው ከውሃው ጋር ተዋህዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆንና ሃይድሮጅኑን ጥሎ ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል። በተለመደው የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ውስጥ ከሟሟው ካርቦን አብዛኛው ባይካርቦኔት ነው። ይህ ለውጥ አንዴ ሆኖ የሚቆም አይደለም። ጋዙ ባይካርቦኔት ይሆናል፣ ባይካርቦኔቱም ተመልሶ ጋዝ ይሆናል። ሚዛን ላይ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆናል እንጂ እንቅስቃሴው አይቆምም።

እዚህ ላይ ከራኩባ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። ጎን ለጎን ሁለት ራኩባ አለ እንበል። አንደኛው ውስጥ ምንጣፍ ብቻ ተነጥፏል፣ ሁለተኛው ጠበብ ያለ ደህና አግዳሚ ወንበር አለው። ሰው ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ወጣቱ የትም ቢቀመጥ ግድ የለውም። አዛውንቱም ይመላለሳሉ፣ ግን ወንበሩ ላይ ትንሽ ቆየት ይላሉ። በማንኛውም ሰዓት ቆጠራ ብናደርግ ወንበር ባለበት ራኩባ ውስጥ የአዛውንቱ ድርሻ በጥቂቱ ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። ማንም አልከለከለም፣ ማንም አላስገደደም፣ በርም የለም። ምንጣፉ ጋ ለ100,000 ወጣት 1,100 አዛውንት ቢኖር፣ ወንበሩ ጋ ለዚያው ያህል ወጣት 1,109 ገደማ ይኖራል። ልዩነቱ ይህችው ናት።

ወንበሩ ባይካርቦኔት ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ካርቦኑ የተያያዘው ከሁለት ኦክስጅን ጋር ነው፤ በባይካርቦኔት ውስጥ ከሦስት ጋር ተያይዞ ይበልጥ ተከቧል። በቦንድ የተያያዙ አተሞች ደግሞ ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ይርገበገባሉ። ከባዱ አተም ዘግየት ብሎ ስለሚርገበገብ ጉልበቱ በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ ይረጋጋል። ካርቦኑ ጠበቅ ብሎ በተያዘበት ቦታ ይህ የመረጋጋት ጥቅም ከፍ ይላል። ስለዚህ ካርቦን-13 ወደ ባይካርቦኔት ያደላል። ይህንን ማድላት ፍራክሽኔሽን ይሉታል። ከመሠረቱ በስሌት ያሳየው አሜሪካዊው ሃሮልድ ዩሬይ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ። ከ1934 ጀምሮ የኖቤል ባለቤት የነበረ ሰው ነው። ልኩን በላቦራቶሪ ካወጡት መካከል ደግሞ በኔዘርላንድ ግሮኒንገን የነበሩት ሞክና ባልደረቦቹ በ1974 ያወጡት ቁጥር እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ቁጥሩ እንግዲህ ይኸው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይካርቦኔት ከጋዙ በ7.9 በሺህ ይከብዳል። በ5 ዲግሪ 10.2 ይሆናል። በ35 ዲግሪ ወደ 6.9 ይወርዳል። ለምን ይወርዳል? ሙቀት ሲጨምር ሁሉም ይራወጣል፣ ማንም ቁጭ ብሎ የወንበሩን ምቾት አያጣጥምም። በ1 ዲግሪ ወደ 0.1 በሺህ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ የዳባት ብርድ ውስጥ ያለ ምንጭና የገዳሪፍ ሐሩር ውስጥ ያለ ኩሬ ከአንድ አየር ቢጠጡም እኩል አይከብዱም።

ግን ተጠንቀቁ! «ውሃ የገባ ካርቦን ሁሉ ይከብዳል» ብሎ መያዝ ስህተት ነው። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎን ነበር። ባይካርቦኔት ሳይሆን እንዲሁ እንደ ጋዝ ሟሟ የተቀመጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ ካለው ጋዝ በ1.1 በሺህ ገደማ ይቀላል እንጂ አይከብድም። ቦንዱ አልተለወጠማ! ሁለት ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ስለዚህ የውሃው አጠቃላይ ክብደት የሚወሰነው ስንት እጁ ሟሟ ጋዝ፣ ስንት እጁ ባይካርቦኔት ነው በሚለው ነው፤ ያንን የሚወስነው ደግሞ የውሃው ፒኤች ነው። ፒኤች 6.35 ገደማ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። በ25 ዲግሪ ጋዙን 0 ብንለው ግማሹ −1.1፣ ግማሹ +7.9፣ አማካዩ +3.4 ነው። ፒኤች 8 አካባቢ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ባይካርቦኔት ስለሆነ ወደ +7.7 ይጠጋል። መምህራን ይህንን ለክፍል ሥራ ቢሰጡት አማካይ ማውጣትንና ፒኤችን ባንድ ላይ ያስተምራል።

አምቦ ውሃ ስትከፍቱ «ጭስ» ብሎ የሚወጣው ጋዝ ይኸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚወጣው ጋዝ በውሃው ውስጥ ካለው ጠቅላላ ካርቦን ቀለል ያለ ነው፤ ባይካርቦኔቱ ከባዱን ይዞ ይቀራልና። ክዳኑ ተከፍቶ ባደረ ቁጥር የቀረው ውሃ እየከበደ ይሄዳል። ጠጪው አያውቀውም፣ ማሽኑ ግን ያውቀዋል።

ከባይካርቦኔት ቀጥሎ ጠጣር ካርቦኔት ይመጣል። ካልሲየም ያለበት ውሃ ጋዙ ሲወጣለት ወይም ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔት ይጥላል። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በአብዛኛው እሱ ነው። (ብዙ እናቶች «ይሄ ነገር አይጎዳንም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ቅርፊቱ ራሱ መርዝ አይደለም። ነገር ግን ቅርፊት መኖሩም አለመኖሩም ውሃው ከጀርም ንጹሕ ስለመሆኑ ምንም አይናገርም፤ ክሎሪኑን አትተዉ።) ጠጣሩ በዝግታ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ሲሠራ ከባይካርቦኔቱ በ1 በሺህ፣ ከጋዙ ደግሞ በ25 ዲግሪ በ9 በሺህ ገደማ ይከብዳል። የማንቆርቆሪያው ቅርፊት በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ሚዛኑን አይጠብቅም፤ ስለዚህ ለተመራማሪ ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ የተሠራው ነው።

እሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የገዳሪፍ ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይነጥቃል። መጸዳጃ ጉድጓድ ስትቆፍሩ በጥቁሩ አፈር ውስጥ ነጫጭ ጠጠር መሰል እንክብሎች ታያላችሁ። ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉባቸው፣ አረፋ ያወጣሉ፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከብዙ መቶ ወይም ሺህ ዓመት በፊት የሣርና የዛፍ ሥር የተነፈሰው ነው! ላቦራቶሪ ውስጥም የሚደረገው ከዚህ ብዙ አይለይም። እንክብሉን በፎስፎሪክ አሲድ ያሟሙትና የወጣውን ጋዝ በማስ ስፔክትሮሜትር ይመዝኑታል፦ 44 የሚመዝነው ስንት፣ 45 የሚመዝነው ስንት ብለው።

እንክብሉ የሚናገረው ምንድን ነው? እፅዋት በሁለት ትልልቅ ወገኖች ይከፈላሉ። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍና የቆላ ሣር ሲ-4 ይባላሉ፤ ካርቦናቸው −13 ገደማ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ባቄላ፣ ግራርና ዛፍ ሁሉ ማለት ይቻላል ሲ-3 ናቸው፤ −27 ገደማ። ማሽላና ሰሊጥ፣ የገዳሪፍ ሁለቱ ሀብቶች፣ በሁለቱ ጫፎች ቆመዋል ማለት ነው። ሥራቸውና ብስባሻቸው የሚያወጣው ጋዝ እንደራሳቸው ነው። ከዚያ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ ጋዙ በአፈሩ ቀዳዳ ወደ ላይ ሲወጣ ቀላሉ ይፈጥናል፣ አፈሩ ውስጥ የሚገኘው በ4.4 በሺህ ከብዶ ይቀራል። ይሄኛው የሩጫ ጉዳይ ነው እንጂ የወንበር ጉዳይ አይደለም፤ ተማሪዎች ሁለቱን እንዳያደባልቁ። ሁለተኛ፣ ከጋዝ ወደ ባይካርቦኔት፣ ከዚያም ወደ ጠጣር ሲለወጥ በ25 ዲግሪ 9 ይጨምራል። እንደምር፦ ሣር ብቻ ከነበረ −13 + 4.4 + 9 = +0.4። ዛፍ ብቻ ከነበረ −27 + 4.4 + 9 = −13.6። በመካከል −6.6 የሆነ እንክብል ቢገኝ እኩል በእኩል ነበር ማለት ነው። (የዛሬውን እርሻ አይደለም የሚያሳየው። እንክብል ለመሥራት እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፣ የገዳሪፍ የትራክተር እርሻ ግን በ1940ዎቹ የተጀመረ ነው።)

አሁን ሙቀቱን ብንሳሳት ምን ይሆናል? አፈሩ 25 ሳይሆን 15 ዲግሪ ነበር እንበል። የመጨረሻው ጭማሪ 9 ሳይሆን 10.2 ይሆናል። ያው −6.6 የነበረው እንክብል «50 በመቶ ዛፍ» ይል የነበረው አሁን «58 ወይም 59 በመቶ ዛፍ» ይላል። እንክብሉ አልተለወጠም፣ ንባቡ ተለወጠ።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በአፋር አራሚስ የተገኘችው፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ እ.ኤ.አ. በ2009 ለዓለም ስትገለጥ፣ ኢትዮጵያዊው ጂኦሎጂስት ጊዳይ ወልደገብርኤል ያሉበት ቡድን ትኖር የነበረው በደን መሰል ቦታ ነው አለ። በሚቀጥለው ዓመት ቱሬ ሰርሊንግና ባልደረቦቹ (ሰርሊንግ ከሽንፋው ጽሑፍ አዘጋጆችም አንዱ ናቸው) ያንኑ የአፈር ካርቦኔት መረጃ ይዘው፣ የለም፣ የዛፉ ጥላ ከ25 በመቶ ያልበለጠ፣ ሣር የበዛበት ሜዳ ነበር ብለው ተከራከሩ። የመጀመሪያው ቡድንም መልስ ሰጠ። ክርክሩ ትልቅ ነገር የያዘ ነው፤ ሰው በሁለት እግሩ መሄድ የጀመረው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ዛፍ ሥር? የሚለው አለበትና። እንደ እኛ አስተያየት ለተማሪ ከውጤቱ ይልቅ ክርክሩ ይበልጥ ያስተምራል፤ ሁለቱም ወገን በቁጥሩ አልተጣላም፣ በትርጉሙ እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኛን በቀጥታ የሚነካን የውሃው ጉዳይ ነው። ካምፕ ውስጥ ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ጀሪካን ተሰልፎ የሚያድር ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ «ይሄ ጉድጓድ ያልቅ ይሆን?» ብሎ አስቧል። የገዳሪፍ ምድር ከሥሩ ባዛልትና አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ውሃው በእነዚህ ውስጥ ይገኛል። ጥያቄው በየክረምቱ የሚተካ ውሃ ነው ወይስ የጥንት ዝናብ ያስቀመጠው ነው የሚል ነው። የጥንት ውሃ የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። ሰሜን ሱዳን፣ ግብፅ፣ ሊቢያና ቻድ በሚጋሩት የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ያለው ውሃ በአስር ሺዎች ዓመታት የሚቆጠር ነው፤ በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ እስከ 1,000,000 ዓመት ገደማ የሚደርስም ተለክቷል። እንዲህ ያለውን ውሃ መቅዳት ከጎተራ ያለ እህል መብላት ነው፣ ከማሳ ማጨድ አይደለም።

የውሃን ዕድሜ ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ በውስጡ የሟሟው ካርቦን-14 ነው። ዝናብ ወደ አፈር ሲገባ ከሥሮች ትንፋሽ አዲስ ካርቦን ይይዛል፤ ከዚያ ተዘግቶ መሬት ሥር ሲቀመጥ ካርቦን-14ቱ እየጠፋ ይሄዳል። 60 በመቶው ብቻ ቀርቶ ከተገኘ 4,200 ዓመት ገደማ አልፏል። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ግን ውሃው በመንገዱ ላይ የጥንት የካርቦኔት ድንጋይ ሊያሟሟ መቻሉ ነው። ድንጋዩ ካርቦን-14 የለውም፣ ከጠፋበት ቆይቷል። ወተት ላይ ውሃ እንደመጨመር ነው፤ ወተቱ ትኩስ ቢሆንም ይቀጥናል። ስለዚህ የዛሬ ውሃ የጥንት መስሎ ይታያል።

ምን ያህል ድንጋይ እንደተቀላቀለ የሚነግረን ካርቦን-13 ነው። የአፈሩ ጋዝ −20፣ ድንጋዩ 0 ነው እንበልና የጉድጓዱ ባይካርቦኔት −12 ሆኖ ተገኘ፤ ካርቦን-14ቱም 60 በመቶ ነው። አንድ ባለሙያ መጥቶ «−12 ማለት 60 እጅ ከአፈር፣ 40 እጅ ከድንጋይ ነው። ስለዚህ 60 በመቶው ሙሉው የአፈሩ ድርሻ ነው፣ ምንም አልጠፋም፤ ውሃው የዛሬ ነው፣ በየዓመቱ ይተካል፣ ቅዱ!» አለ እንበል። ሌላው ደግሞ «ቆይ! −20 የሆነ ጋዝ በ25 ዲግሪ ከውሃ ጋር ሚዛን ሲደርስ፣ ያለ ምንም ድንጋይ ባይካርቦኔቱ −20 + 7.9 = −12.1 ይሆናል። ካርቦኑ በሙሉ ከአፈር ነው፤ ስለዚህ 60 በመቶ ማለት 4,200 ዓመት ነው። በየዓመቱ የሚተካ አይደለም፣ በልክ ቅዱ» ይላል።

አያችሁ? አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ናሙና፣ ሁለት ቁጥር፤ ያችን 7.9 በማስታወስና በመርሳት ብቻ አንዱ «የዛሬ» አንዱ «የአራት ሺህ ዓመት» አለ። ደግሞ ሁለተኛው ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ውሃው አፈሩ ውስጥ ከጋዙ ጋር እየተገናኘ ረጅም ጊዜ ከቆየ የሁለተኛው ስሌት ይሠራል፤ ቶሎ ወርዶ ከጋዙ ተለይቶ ድንጋይ ካሟሟ የመጀመሪያው ይቀርባል። ብዙ ውሃ በሁለቱ መካከል ነው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ባለሙያ ካልሲየሙን፣ ፒኤቹን፣ የድንጋዩን ዓይነት አብሮ የሚያየው። ትሪቲየም የሚባለውንም የሃይድሮጅን አይሶቶፕ ይለካል፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየሩን በትሪቲየም ሞልተውት ስለነበር፣ ውሃው ውስጥ ከተገኘ ቢያንስ ከፊሉ ከዚያ ወዲህ የዘነበ ነው። ወደፊት ከእናንተ መካከል የውሃ መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር ወረቀት ላይ «የውሃው ዕድሜ» ተብሎ አንድ ቁጥር ሲቀርብለት «በየትኛው ስሌት?» ብሎ ይጠይቅ።

ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ሰጎኗ የበላችው ሣርና ቅጠል በሰውነቷ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ጋዙ በደሟ ውስጥ ባይካርቦኔት ይሆናል፤ ባይካርቦኔቱ ከካልሲየም ጋር ቅርፊት ይሆናል። ያው የራኩባው ጉዞ ነው፣ በወፍ ሰውነት ውስጥ። ከምግቧ እስከ ቅርፊቷ በጠቅላላው 16 በሺህ ገደማ ይጨምራል። ኦክስጅኑ ደግሞ የሚመጣው በአብዛኛው ከጠጣችውና በቅጠል ውስጥ ካገኘችው ውሃ ነው። አየሩ ሲደርቅ ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ይተንና ከባዱ ኦክስጅን-18 ይበረክታል፤ ቅርፊቱም ይህንኑ ይይዛል። 74,000 ዓመት ሙሉ ዋልካ ውስጥ ተቀብሮ ይዞት ቆየ። መምህሩ ይህንን ለልጁ አንብቦለታል፤ ልጁም «ታዲያ ቀጭኔ ጥርስስ?» ብሎ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ ይባላል።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ። ማሽን የለንም፣ ኬሚስትሪውን ግን ማሳየት ይቻላል። የኖራ ውሃ አዘጋጁና አጥሉት፤ በንጹሕ ቀሰም ወይም ስትሮው አንድ ተማሪ ቀስ ብሎ ይንፋበት። ይነጣል፤ ካርቦኔት ነው። መንፋቱን ሲቀጥል ተመልሶ ይጠራል፤ ካርቦኔቱ ባይካርቦኔት ሆኖ ሟሟ። ያንን የጠራውን ቀቅሉት፣ እንደገና ይነጣል። ሦስቱም ደረጃዎች በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ታዩ ማለት ነው። ኖራ ዓይንና አፍ ያቃጥላል፤ ልጆቹ እንዲነፉ እንጂ እንዳይስቡ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ትናንሾቹን ራቅ አድርጉ።

ለተማሪዎች ደግሞ የቤት ሥራ ይኸውና። አንድ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ተለክቶ −5 ሆነ። ከምግብ እስከ ቅርፊት 16 የሚጨምር ከሆነ የምግቧ ካርቦን ስንት ነበር? ሣሩ −13፣ ቅጠሉ −27 ከሆነ ከምግቧ ስንት በመቶው ቅጠል ነበር? አሠራሩን ጭምር ጽፋችሁ ለኬሚስትሪ መምህራችሁ ስጡልን፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።